ለትንሽ ትራክተር ጎማ ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ጣና ዳር ለምናርስ

ትራክተሯን የገዛሁ ሰሞን ከባሕር ዳር ሐሙሲት ድረስ ነድቻት ስደርስ መውረድ አቃተኝ። ወገቤ እንደ ቀንበር ደርቋል። መጀመሪያ በመቀመጫው አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በመንገዱ፣ ማታ ላይ ደግሞ በዕድሜዬ። ጉዱ ያለው ግን ጎማው ውስጥ ነበር። ጎሚስታው እንደ አይሱዙ ወጥሮ ነፍቶ ሰጥቶኛል፤ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጥቻለሁ።

መኪና ባሌስትራ ወይም ሞላ አለው። ትንሽ ትራክተር የለውም። የኋላው አክስል ከካምቢዮው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው፤ የፊተኛው መሐሉ ላይ ባለች ፒን ግራና ቀኝ ይዘነበላል እንጂ ጉድጓድ ሲያገኝ አይለዝብም። ከመቀመጫው በታች፣ በወገባችሁና በመሬቱ መካከል ያለው ትራስ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማ የሚመርጥ ሰው ሳያስበው ምቾቱንም እየመረጠ ነው።

ስህተት 1፦ አየሩን እንደ መኪና መሙላት

ከዚህ የምጀምረው ገንዘብ የማያስወጣው ይኼ ስለሆነ ነው። በተለመደው የእርሻ ጎማ የሚሄድ ትንሽ ትራክተር ማሳ ላይ ሲሠራ የኋላ ጎማው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከ12 እስከ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። የፊተኛው ትንሽ ከፍ ይላል፤ በተለይ ከፊት አፈር መጫኛ ካለው። ጣሪያው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለትራክተራችሁ የሚስማማው ደግሞ መመሪያው ላይ አለ።

ሁለተኛ ጊዜ ጎሚስታው ጋ ስሄድ «16 አድርግልኝ» አልኩት። ልጁ ጌጁን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ 16 እኮ ተንፍሷል ማለት ነው፤ ለምን 40 አላደርግልዎትም?» አለኝ። ለቤት መኪና ቢሆን እውነቱን ነበር። በዚያ ላይ ጌጁ እስከ 200 የሚቆጥር ስለሆነ 16 ላይ መርፌው ከዜሮ ፈቀቅ አይልም። ከዚያ በኋላ እስከ 30 ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ጌጅ ገዝቼ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩ። የምለካውም ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይመታው ነው። ሲሞቅ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ያታልላል።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። 40 ሲሆን ጎማው እንደ ኳስ ይወጠርና መሬት የሚነካው የጥርሶቹ መሐል ብቻ ይሆናል። ዱካው ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ዋልካ ላይ እየጠለቀ ይንሸራተታል፤ ኮረኮንች ላይ እያንዳንዷን ጠጠር ለወገባችሁ ያደርሳል። 16 ሲሆን ጎኑ ትንሽ ይነፋል፣ ዱካው ይረዝማል፣ ጥርሶቹ እስከ ዳር ይታተማሉ። ያው ጎማ፣ ያው ትራክተር ነው።

አጥብቆ ማስተንፈስም ሌላ ችግር አለው። አየሩ ካነሰ ቸርኬው ይዞርና ጎማው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የውስጥ ጎማውም ቫልቩ ጋ ይቀደዳል። ይኼን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ። ከቸርኬው ወደ ጎማው የሚሻገር አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። ከእርሻ ስትመለሱ መስመሩ ተቆርጦ ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ከሆነ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቷል፤ ሁለት ሦስት ፒኤስአይ ጨምሩ። ተጎታች ላይ እህል ጭናችሁ አስፋልት የምትወጡ ከሆነም ከመውጣታችሁ በፊት ጨምሩ፤ ሸክምና ፍጥነት ባንድ ላይ ሲመጡ ለስላሳ ጎማ ይግላል።

ስህተት 2፦ አፈሩን ሳያዩ ጥርሱን መምረጥ

ሻጩ ጋ ስንሄድ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ትልቁ ጥርስ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት ግን ፈልጉ። አር 1 የሚለው ተራው የእርሻ ጎማ ነው። አር 2 ለሩዝና ለሸንኮራ አገዳ የተሠራ፣ ጥርሱ የአር 1ን እጥፍ ያህል የሚጠልቅ ነው። አር 4 ጎኑ ወፍራም፣ ጥርሱ አጭርና ሰፊ፣ ለግንባታና ለጭነት ሥራ የሚሆን ነው። አር 3 ለሣር ነው፤ ጣና ዳር ያሉ ሆቴሎች ግቢ ለሚያጭዱ ካልሆነ ለእኛ አይሆንም።

እዚህ አካባቢ በብዛት የሚሠራው ስህተት «ፎገራ ሩዝ ነው፣ ስለዚህ አር 2» የሚለው ነው። እኔም ልገዛ ጫፍ ደርሼ ነበር። ነገር ግን ፎገራ ላይ ብዙው ሩዝ የሚመረተው በዝናብ ነው፤ የምናርሰውም በአመዛኙ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ውኃ ሳይተኛ ነው። ውኃው ውስጥ ገብታችሁ ጭቃ የምታቦኩ ከሆነ አር 2 ወይም የብረት መንኮራኩር ዋጋውን ያወጣል። ካልሆነ ግን ያ ረጅም ጥርስ አስፋልት ላይ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ቶሎም ያልቃል። ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአር 2 ያንን መንገድ የሄደ ሰው ጥርሱን የሚቆጥረው አፉ ውስጥ ነው።

አር 4 ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጠንካራ ነው፣ እሾህ አይፈራም፣ ከተማ ውስጥ አሸዋ ለሚያመላልስ ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ዋልካ ውስጥ ሲገባ ግን ጥርሶቹ መካከል ጭቃው ይሞላና እንደ ለስላሳ በርሜል ይሽከረከራል። ወፍራም ጎኑም አየር ቢቀነስለት እንደ አር 1 አይለዝብም።

ወደ መራዊ በኩል፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ በተሠራው በቆጋ መስኖ ላይ ለሚሠራ ነገሩ ቀለል ይላል። ቀዩ አፈር እንደ ዋልካ አይለጠፍም፤ ደህና አር 1 ይበቃል።

ስህተት 3፦ ፎር ዊል ትራክተር ላይ የኋላውን ብቻ ማሳደግ

ዋጋ የሚያስከፍለው ይኼ ነው። ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማ በማርሽ ይታሰራሉ። ፋብሪካው የሚያሰላው የፊተኛው ከኋላው ከ1 እስከ 5 በመቶ ፈጠን ብሎ እንዲስብ ነው። የኋላውን በትልቅ ጎማ ከቀየራችሁ የፊተኛው ወደ ኋላ ይቀርና እየሳበ ሳይሆን እየተጎተተ ይሄዳል፤ እንደ ፍሬን ማለት ነው። የፊተኛው ብቻ ካደገ ደግሞ ጎማው መሬቱን እየፋቀ ያልቃል፣ ማርሹም ይጨነቃል። ሁለቱንም ሳትገዙ በፊት በቁጥር አረጋግጡ።

እኛ የለካነው እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ የፊትና የኋላ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ደልዳላ የአፈር መንገድ ላይ ፎር ዊሉ ሳይገባ የኋላው 10 ዙር እስኪዞር ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ እሱ ጎን ጎን እየሄደ የፊተኛውን ቆጠረ፦ 15 ዙር ከሩብ። ፎር ዊሉን አስገብቼ ያንኑ ደገምነው፦ 15 ዙር ከሦስት ሩብ። የሁለቱ ልዩነት 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ደህና ነው። ልዩነቱ ዜሮ ቢሆን ወይም ፎር ዊሉ ሲገባ ዙሩ ቢቀንስ ጎማው አይሆናትም ማለት ነበር።

አስፋልት ላይ ፎር ዊል አውጡ። ይኼን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስህተት 4፦ ቁጥሩን ሳያነቡ «ወፍራሙን ስጠኝ» ማለት

11.2-24 ማለት ወርዱ 11.2 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 24 ኢንች ማለት ነው። ወርዱ ለቸርኬው ከሰፋ ጎማው አለቦታው ይታጠፋል። ፕላዩ (የጎማውን ጥንካሬ የሚናገረው ቁጥር) በበዛ ቁጥር ደግሞ ጎማው ሸክም ይችላል፣ ግን ይደርቃል፤ ለቀላል ትራክተር ባለ 6 ፕላይ እያለ ባለ 10 መግዛት ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው።

ብዙ ጎማ ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩ 4 አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ሻጭ «19 እኮ ነው፣ አዲስ ነው» ሲለኝ ለጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር።

ስህተት 5፦ ውኃ ሞልቶ መርሳት

የኋላ ጎማ ውስጥ ውኃ መጨመር ክብደት ይሰጣል፤ ማረሻው ሲከብድም ጎማው አይንሸራተትም። የብርድ አገር ሰዎች ውኃው በረዶ እንዳይሆን ጨው ይቀላቅሉበታል፤ እኛ አያስፈልገንም፣ ቸርኬ ይበላል። ቫልቩን ወደ ላይ አድርጎ እስከ ቫልቩ ድረስ፣ ማለትም እስከ 75 በመቶ መሙላት ይበቃል።

ችግሩ ውኃ አይጨመቅም። ለትራስነት የቀረው ሩብ አየር ብቻ ስለሚሆን ጎማው ይደርቃል። ለእርሻ የሞላችሁትን ለመኸር ጭነት ሳታፈስሱ ከወጣችሁ ወገባችሁ ይነግራችኋል። ብር ካለ ቸርኬው ላይ የሚታሰር የብረት ክብደት ይሻላል፤ አየሩን አይነካም፣ ሲያስፈልግም ይፈታል።

ስህተት 6፦ ጎማውን ገልብጦ መግጠም

ከትራክተሩ ኋላ ቆማችሁ ስታዩ የጥርሶቹ ሹል ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ጎኑ ላይ ቀስትም አለ። የጎማ ስፋት ለማስተካከል ቸርኬ ሲገለበጥ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ ማዛወር የሚረሳ ብዙ ነው። ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ጭቃውን መትፋት ትቶ ይውጠዋል።

ስህተት 7፦ ሁሉንም ነገር በስፖንጅ ለመፍታት መሞከር

መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የሚደርቡ አሉ። ቁመታችሁን ከፍ ያደርግና እግራችሁን ከፍሬኑ ያርቃል፤ ዝላዩን ግን አያቆምም። ከመቀመጫው ስር ሞላውን የሚያጠብቅ ቁልፍ ካለ እሱን በነጂው ክብደት ልክ አስተካክሉ። የእኔዋ ላይ ሁለት ዓመት ማንም አልነካውም። የወንድሜ ልጅ 55 ኪሎ ነው፣ እኔ 85፤ ለእሱ ልክ የሆነው ሞላ እኔን እስከ ታች ድረስ ያወርደኛል፣ ለእኔ የሚመቸው ደግሞ እሱን እንደ ጨርቅ ያነሣዋል። አሁን ቁልፉ ላይ በቀለም ሁለት ነጥብ አድርገናል፤ ቀዩ የእሱ፣ ነጩ የእኔ።