ብሉዝ-ሮክ ዘፈን ጽፋችሁ፣ ቀርጻችሁ፣ ለብቻችሁ እንዴት እንደምትለቁ

ፕሮዲዩሰር የለም፣ አሳታሚ የለም፣ ገንዘብ የሚያወጣ ዘመድም የለም። ያለው አንድ ጊታር፣ አንድ ደብተር እና ከሥራ መልስ የምትተርፍ ሁለት ሰዓት ናት። በዚህ ብቻ አንድ የብሉዝ-ሮክ ዘፈን ሰው ጆሮ ማድረስ ይቻላል። እኔ የማደርግበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ግጥሙ ላይ ብቆይ አትሰልቹ፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚያ ነው።

1. አጽሙን ያዙ

ብሉዝ በአብዛኛው 12 ባር ነው። አንድ ባር ማለት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ የምትቆጥሩት ነው። ከኢ ብትነሱ (ኢ፣ ኤ፣ ቢ የድምፆች ስም ናቸው፤ ኢ7 እና መሰሎቹ ደግሞ ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች)፦ አራት ባር ኢ7፣ ሁለት ባር ኤ7፣ ሁለት ባር ኢ7፣ ቀጥሎ አንድ ባር ቢ7፣ አንድ ባር ኤ7፣ አንድ ባር ኢ7፤ በመጨረሻዋ ባር ቢ7 ይዛችሁ ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ። በቃ፣ ሦስት ኮርድ።

የድሮው የብሉዝ ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ሮበርት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 ደግሞ ዳላስ ገብቶ የቀረጻቸው 29 ዘፈኖች አብዛኞቹ የዚህ አጽም ዘር ናቸው። እሱ ግን ሲያሻው ባር ያስረዝማል፣ ሲያሻው ይቆርጣል፤ ብቻውን ስለሚጫወት ማን ይጠይቀዋል? ድራመር ያላችሁ ሰዎች ግን ቆጥራችሁ ተጫወቱ።

ምቱ ሸፍል ይባላል። እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈልና መሃለኛዋ ትዘለላለች። በቺክቺካ ያደገ እግር ይህን ለመያዝ አይቸገርም። ሮኩ የሚመጣው ከድምፁ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ድምፁ እስኪሻክር ድረስ ክፈቱት። ሌላው የብሉዝ ሰው መዲ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1943 ከሚሲሲፒ ቺካጎ ከገባ በኋላ ባዶ ጊታር በመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ውስጥ አልሰማ ስላለው ነው ኤሌክትሪኩን ያነሳው። ጎረቤት ካላችሁ ትራስ ደርድሩ።

2. ጆሯችሁን ከትዝታ አላቁ

ይህ የእኛ ችግር ነው። ከጂ የሚነሳ ትዝታ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከኢ ጀምራችሁ ብትጫወቷቸው የብሉዝ ቅኝት ይሆናሉ። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለያየው ቤታቸው ነው። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ብሉዝ የተጫወትኩ መስሎኝ ትዝታ ስጫወት ከርሜያለሁ። ጣቴ ሳላስበው ጂ ላይ ሄዶ ያርፋል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስድስተኛውን ክር፣ ወፍራሙን ኢ፣ በአውራ ጣት ሳታቋርጡ እየመታችሁ በሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ተጫወቱ፤ ጆሮ ወደዚያ መመለስ ይለምዳል። ሁለተኛ፣ አምስተኛው ክር ላይ የመጀመሪያውን ፍሬት ተጫኑ። ይህች ቢ ፍላት ናት፣ በኤ እና በቢ መሃል ያለችው ቅሬታ የሚመስል ድምፅ። ትዝታ ውስጥ የለችም። አትቀመጡባት፣ ነክታችሁ እለፉ።

3. ግጥሙን ጻፉ

የብሉዝ ግጥም አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ ከዚያ በሦስተኛው ይመልሳል። እያንዳንዱ ስንኝ አራት ባር ይይዛል፤ ሁለቱ የድምፃዊው ናቸው፣ ሁለቱ የጊታሩ። አዝማሪ ስንኙን ጥሎ መሰንቆው ሲቀበለው አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው።

ለአማርኛ የሚመቸው የወል ቤት ነው። ስድስት ቀለም በአንድ ባር፣ ስድስት በሚቀጥለው፣ ሳይጣበብ ሳይሰፋ ይገባል። የራሴን ረቂቅ ላሳያችሁ። ያኔ አከራዬ ኪራይ ጨምራብኝ ጊታሬን ለአንድ ወጣት ሸጫለሁ፤

ቤት ኪራይ ጨመረ፣ ጊታሬን ሸጥኩልሽ
አንቺም ልትሄጂ ነው፣ በምን ላልቅስልሽ

ቤት መቷል፣ ቀለሙም ሞልቷል፤ ግን አይረባም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ልሽ»ን በ«ልሽ» መግጠም እንቅልፍ ላይ ሆኖም ይቻላል። አድማጩ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል፤ ብሉዝ ውስጥ ደግሞ ስንኙ ስለሚደገም ሁለት ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። እናም ግሱን ወደ ውስጥ ገፋሁት፤

ቤት ኪራይ ጨመረ፣ ተሸጠ ጊታሬ
ቤት ኪራይ ጨመረ፣ ተሸጠ ጊታሬ
አንቺም ልትሄጂ ነው፣ በምን ላልቅስ ዛሬ

አሁን ድምፃዊው «ጊታሬ» ብሎ አፉን ሲዘጋ የሚመልስለት ያው ተሸጠ የተባለው ጊታር ነው። ይህን አስቤበት አይደለም ያመጣሁት፤ ግሱ ከመንገድ ሲነሳ ራሱ መጣ። እናንተም የስንኛችሁ የመጨረሻ ቃል ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ሁሉም ግስ ከሆነ እንደገና ጻፉ።

ስትደግሙት ቃሉን አትለውጡ፣ አነጋገሩን ለውጡ። መጀመሪያ ወሬ እንደምትነግሩ፣ ሁለተኛ ራሳችሁ ገና እንደሰማችሁት።

ደብተር ከኪስ አይለይ። ታክሲ ውስጥ የምትሰሙት ግማሽ የስልክ ወሬ ቁጭ ብሎ ከሚታሰብ ግጥም ይበልጣል።

4. ቅረጹ

ኮምፒውተር፣ አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና ጊታርን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኝ ሳጥን)፣ አንድ ማይክ። ኦዳሲቲ የሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ ለጀማሪ ይበቃል። ሹር ኤስኤም 57 ወይም የሚመስለው ማይክ ካላችሁ የአምፕሊፋየሩ ስፒከር አጠገብ አስጠጉት፤ ግን መሃል ለመሃል አታድርጉት፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ዳር ሳቡት። መሃሉ ጆሮ ይወጋል፣ ዳሩ ይለሰልሳል። በ24 ቢት ቅረጹ፣ መጠኑ ቀዩ ጋ እንዳይደርስ ዝቅ አድርጋችሁ።

መጀመሪያ ድራምና ቤዝ፣ ቀጥሎ ጊታር፣ ድምፅ በመጨረሻ። በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ። እኔ ሦስተኛውና ጥሩው ቅጂ ሲያልቅ መብራት ሄዶብኝ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

ጊታሩን ደግሞ ከየት አመጣሁ? ከገዛኝ ልጅ ለሁለት ቀን ተከራየሁት።

5. ልቀቁት

ከመልቀቅ በፊት ወረቀት። ዜማና ግጥሙ አንድ መብት ነው፣ ቀረጻው ሌላ። ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ድራመሩ የልጅነት ጓደኛችሁ ቢሆንም። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ እስከሆነና ግዙፍነት እስካገኘ፣ ማለትም እስከተጻፈ ወይም እስከተቀረጸ ድረስ ያለ ምዝገባም ይጠብቀዋል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ወረቀት ያለው ሰው አንገቱ አይሰበርም።

ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ ለመግባት አከፋፋይ ያስፈልጋል። ዲስትሮኪድ በዓመት ያስከፍላል፣ ሲዲ ቤቢ በአንድ ሥራ አንድ ጊዜ። ከመመዝገባችሁ በፊት ገንዘቡን እናንተ ያላችሁበት አገር በምን እንደሚልኩ እዩ። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም፤ እዚያ ላይ የቤት ኪራይ አታስቡ። አድማጭ ዘፈኑን በቀጥታ የሚገዛበት ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶና የክፍያ ማስተላለፊያውን ወጪ ወስዶ የቀረውን ይሰጣል፤ መቶ እውነተኛ አድማጭ ላለው ይሻላል። የእኔ ገቢ አብዛኛው ዛሬም ከመድረክና ጊታር ከማስተማር ነው።

ከዘፈኑ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ አብራችሁ አውጡ፣ ዘፈኑ ከየት እንደመጣ። አድማጭ ዘፈኑን ይረሳና ታሪኩን ያስታውሳል፣ ታሪኩን ፍለጋ ደግሞ ወደ ዘፈኑ ይመለሳል። እኔ የጊታሩን ኪራይ ነገር ጻፍኩ። በማግስቱ ልጁ ደወለ። አንብቦታል። ኪራይ ጨምሯል።