ሆረራችሁ ለምን ያስቃል? ጎንደር ላይ አጭር ፊልም ለሚሠሩ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ላይ ሆረር (አስፈሪ ፊልም) መሥራት የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። አይገርምም። ግንቡ አለ፣ የክረምቱ ጭጋግ አለ፣ የጅቡ ጩኸት ሌሊት በነጻ ይገኛል። ጣጣው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። ተመልካቹ ይስቃል፤ ወይ ስልኩን ይነካካል። ያኔ ሁሉም ታሪኩን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ ከዚያ አቆራረጡን እጠረጥራለሁ።

ችግር፦ መደንገጥ ባለባቸው ቦታ ይስቃሉ

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሙዚቃው ነው። ልጅቷ ገና ወደ ጓዳው ሳትጠጋ ያ የታወቀ «ውውው» ይጀምራል። ተመልካቹም «አሁን ሊመጣ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አይደነግጥም።

ሙዚቃውን አውጡት። ሁሉንም። በምትኩ የአካባቢውን ድምፅ ተጠቀሙ። ልጅቷ የጓዳውን መጋረጃ ልትገልጥ ስትል ድምፆቹ ተራ በተራ ይጥፉ፦ መጀመሪያ የሩቁ ባጃጅ፣ ከዚያ ውሻው፣ በመጨረሻ እሳት ላይ የሚንተከተከው ጀበና። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ በውል አያውቀውም፤ ጆሮውን ግን ያቆማል። ማስደንገጫችሁን እዚያ ላይ አምጡት።

እሱም ቢሆን ቀስ እያለ አይግባ። ሰውነት የሚበረግገው ድንገት ለሚመጣ ድምፅ ነው። ፌድ ኢን (ድምፁ ከዝቅታ ቀስ እያለ እንዲያድግ የሚያደርገውን) አድርጋችሁበት ከሆነ አጥፉት። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀርጹ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ድምፁ በዚያች ውስጥ ከጸጥታ ወደ ጫፍ ይድረስ። ቦታም ተዉለት። ንግግሩን በኤዲቲንጉ የድምፅ መለኪያ ላይ -12 ዲሲቤል አካባቢ፣ ከጣሪያው ዝቅ አድርጋችሁ ካላቆማችሁት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጮህ ፊልም መጨረሻ ላይ የሚጨምረው ጩኸት አይኖረውም።

ችግር፦ ጸጥ ሲል ፊልሙ የተበላሸ ይመስላል

ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁታል ማለት ነው። ዜሮ ጸጥታ በተፈጥሮ የለም። ማንም ሰው የሌለበት ክፍል የራሱ የሆነ ስስ ድምፅ አለው። ከቀረጻ ቦታው ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ ይቁም፤ የክፍሉን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ። ጸጥታችሁ ሥር የምታነጥፉት እሱን ነው። ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ አንድ ቁራጭ) ሲቀየር የሚሰማውን ዝላይም ይሸፍንላችኋል። የድምፅ ማጉያ ከሩቅ በሚሰማበት ሰዓት ግን አትቅረጹ። ቅዳሴው በአንዱ ሾት ተሰምቶ በሚቀጥለው ከጠፋ ምንም ነገር አያድነውም።

ችግር፦ ያ ከባድ ጉርምርምታ በስልክ አይሰማም

ላፕቶፕ ላይ በሄድፎን ስትሠሩ ደረት ይነቀንቅ ነበር። ተመልካቹ ግን በስልክ ነው የሚያየው። የስልክ ስፒከር ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን፣ በጣም ወፍራሙን ድምፅ ከሞላ ጎደል አያወጣውም።

መፍትሄው ከላዩ ሌላ ድምፅ መደረብ ነው፤ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለ፣ ሻካራ የሆነ። አዝማሪ በሞላበት ከተማ ከኢንተርኔት የወረደ ድምፅ መለመን አይገባኝም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልጉ። ዜማውን ይተውና ደጋኑን በጭራው ላይ ጫን አድርጎ በቀስታ ይጎትተው። ቅዱና ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱት፤ ቃናው አንድ ኦክታቭ (አንድ ሙሉ የድምፅ እርከን) ወርዶ ይወፍራል። አንዳንድ የኤዲቲንግ አፕሊኬሽን ድምፁን ሲያዘገይ ቃናውን ባለበት ይጠብቃል። ያንን ምርጫ ማጥፋት አትርሱ። በዚህ መንገድ የተሠራ ድምፅ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ የሚያውቅ የለም፤ የሚረብሸውም ለዚህ ነው።

ችግር፦ ጨለማው ጨለማ ሳይሆን የሚርመሰመስ ግራጫ ነው

በጨለማ ስለቀረጻችሁ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲያጣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ይሰቅላል፤ ምስሉም በነጠብጣብ ይሞላል። ጨለማ የሚሠራው በብርሃን ነው። አንድ ጠንካራ መብራት ከተዋናይዋ ጎን ወይም ከኋላዋ አድርጉ፤ የቀረውን ክፍል ተዉት። ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ አጨልሙት። ስልክ ከሆነ ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ብርሃኑን ቆልፉ፤ አለዚያ ፊት በገባ ቁጥር ራሱ ያበራዋል ያጨልመዋል። በጧፍ ብቻ መቅረጽ ያምራል፤ ግን ከጧፉ ሌላ ከካሜራው እይታ ውጭ ቢጫ አምፖል ይኑር። ፍላሽ ከአገጭ ሥር ማብራትን በተመለከተ፦ እባካችሁ።

መብራትን ዋና ባለታሪክ ማድረግ ለሚፈልግ ጥሩ ምሳሌ አለ። ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 እ.ኤ.አ. «ላይትስ አውት» የሚባል ወደ 3 ደቂቃ የሚሆን ፊልም በመኖሪያ ቤቱ፣ ሚስቱን ተዋናይ አድርጎ ሠራ። ነገሩ ቀላል ነው፦ መብራቱ ሲጠፋ ኮሪደሩ ላይ ጥላ ይቆማል፣ ሲበራ የለም። በ2016 ሆሊውድ ረጅም ፊልም አድርጎታል። ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው ቤት ደግሞ ጎንደር ላይ ብዙም የለም፤ ማጥፋቱን መብራት ኃይል ሳያስቡት ሊያግዛችሁ ይችላል።

ችግር፦ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ

የመብራቱ ብልጭታ ከካሜራው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። አለቀ።

ችግር፦ መንፈሱ ሲወጣ ማንም አይፈራውም

ቶሎ አሳያችሁት፤ ደግሞም ብዙ አሳያችሁት። ከመታየቱ በፊት ያለውን ሾት «በቃ ይቆረጥ» ከሚያሰኛችሁ በላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ አቆዩት። ካሜራው አይንቀሳቀስ። ከምስሉ ግማሹ ባዶ ይሁን፤ የተመልካቹ ዓይን ያንን ባዶ ቦታ መፈተሽ ይጀምራል። ከዚያ ድምፁን ከምስሉ አስቀድሙ። የአያትየው «ነይ ልጄ» የሚለው ጥሪ ልጅቷ ፊት ላይ እያለን ይሰማ፤ አያትየው የተቀመጡበት መደብ በኋላ ይታይ፤ ባዶውን።

ችግር፦ ግንቡ ውስጥ ተቀርጾ የቱሪዝም ማስታወቂያ መሰለ

ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ፎቶውን ያላየ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ከሩቅ፣ በፀሐይ፣ ሙሉውን ካሳያችሁት ተመልካቹ ጉብኝት ነው የሚያስበው። ፈቃድ ካገኛችሁ አንድ በር ብቻ ቅረጹ። ወይም ወደ ላይ የሚጠመዘዝ ደረጃ፣ በደመናማ ቀን፣ ሰማዩ ምስሉ ውስጥ ሳይገባ። የት እንደሆነ ካልታወቀ የበለጠ ይሠራል። እንደ እኔ ከሆነ ግን የጭቃ ቤት ጓዳ ይሻላችኋል። ፈቃዱ ከቤቱ ባለቤት ነው፤ ድምፅም እንደ ሲሚንቶ ቤት አያስተጋባም። የግድ ሲሚንቶ ቤት ከሆነ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ።

ችግር፦ እኛ ጋ ጥርት ያለው ፊልም ሌላው ስልክ ላይ ተቦጫጭቆ ይታያል

በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ይጨመቃል፤ ጭመቃው ደግሞ ቀድሞ የሚያበላሸው ጨለማውን ክፍል ነው። እንደ ፋይል ላኩት።