የወታደር ቤተሰቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ከዘመዱ ወይም ከጎረቤቱ መካከል የመከላከያ ሠራዊት አባል የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የብላቴ ማሠልጠኛ ከከተማዋ ሩቅ አይደለም፤ መናኸሪያ ጎራ የሚል ሰውም በፈቃድ የመጡ ወይም ወደ ክፍላቸው የሚመለሱ ወታደሮችን ያያል። ለእነዚህ ወታደሮች ቤተሰቦች ሕጉ ያስቀመጣቸው መብቶች አሉ። ቤተሰቦቹ መብቶቹን የሚያጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ድጋፉ ስለሌለ ሳይሆን፣ ወታደሩ በሕይወትና በአጠገባቸው ሳለ መሠራት የነበረበት የወረቀት ሥራ ሳይሠራ ስለቀረ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በክብደት እኩል አይደሉም፤ በእኔ ግምት ብዙ ቤት የሚጎዳው የመጀመሪያው ነው።

የወታደሩን ፋይል እንደ ምልመላው ቀን መተው

ብዙ ወጣት ሠራዊቱን የሚቀላቀለው ሳያገባ ነው። የሕይወት ታሪክ ቅጹን ሲሞላ የጋብቻ ሁኔታው «ያላገባ» ይባላል፤ ተጠሪው አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይሆናል፤ አድራሻውም የትውልድ ቀበሌው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ወጣት ሐዋሳ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ልጆች ወልዶ ሊሆን ይችላል፤ በፋይሉ ላይ ግን አሁንም ወላጆቹ ዘንድ የሚኖር ላጤ ነው። ይህ ልዩነት በደህናው ቀን ማንንም አይጎዳም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን መርዶው ወደ ትውልድ ቀበሌው ይሄዳል፤ ባለቤቱ ከሰው ሁሉ በኋላ ትሰማለች፤ መብቷን ልትጠይቅ ስትቀርብም ስሟ በሰነዱ ላይ ስለማይገኝ፣ ሚስት መሆኗን ከሐዘኑ ጋር እየታገለች በምስክርና በፍርድ ቤት ማስረዳት ይኖርባታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወታደሩ በፈቃድ በመጣ ጊዜ የጋብቻና የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ይዞ ይመለስ፤ ለክፍሉ የሰው ሀብት ሠራተኛ ያስረክብ፤ በፋይሉ መመዝገቡንም ያረጋግጥ። በአንጻሩ ቤት ውስጥ የወታደራዊ መታወቂያው ቁጥር፣ የተቀጠረበት ቀንና የክፍሉ ሙሉ ስም፣ ማለትም ክፍለ ጦሩ፣ ሬጅመንቱና ሻለቃው፣ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። «ባሌ ሰሜን ነው ያለው» የምትል ሴትን፣ የፈለገ ቅን ሠራተኛ ቢገጥማት እንኳ፣ መርዳት ይቸግራል። ይህን ወረቀት መጠየቅ ሟርት የሚመስላቸው ባለትዳሮች ብዙ ናቸው፤ ሞቱን የምትጠብቅ እንዳትመስል ፈርታ ዓመታት የምታሳልፍ ሚስት አለች። ፍርሃቱ ይገባኛል። ጥያቄው ግን ከእሷ ሳይሆን ከእሱ ቢመጣ ይቀላል፤ ስለዚህ ይህን የሚያነብ ወታደር ካለ፣ ሳይጠየቅ ራሱ ያድርገው።

በስምና በቀን የማይገጣጠሙ ሰነዶች

በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በሽማግሌ ወይም በቤተ እምነት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ ነው፤ ቢሆንም ካልተመዘገበ ማስረጃው የምስክር ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባልየው ግዳጅ ላይ ስለሆነ ምዝገባውን «ሲመጣ እናደርገዋለን» ብሎ ማቆየት የተለመደ ነው፤ ሲመጣም የፈቃዱ ቀናት በዘመድ ጥየቃ ያልቃሉ።

ከምዝገባው ያልተናነሰ ችግር የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ፌስታል ውስጥ ያሉ ወረቀቶችን አውጥተን ብንዘረጋ፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ «በላይነህ» የተባለው አባት በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ «በላይ» ሆኖ እናገኘዋለን፤ የልጁ የክትባት ካርድ ላይ ያለው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጠራበት የቁልምጫ ስም ነው፤ ትምህርት ቤቱም ያንኑ ቀድቶ መዝግቦታል። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሰው መሆናቸውን ያውቃል፤ መዝገብ የያዘው ሠራተኛ ግን አያውቅም፣ ገምቶ ማለፍም አይችልም። ስለዚህ በወታደሩ ፋይል ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጎ፣ ፋይዳን ጨምሮ የቀሩትን ሰነዶች ከእሱ ጋር ማስታረቅ ይሻላል። ይህን ወታደሩ ራሱ ቀርቦ ሲያስተካክለው የአጭር ጊዜ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከሌለ ግን ወራት የሚፈጅ የፍርድ ቤት አቤቱታ ሊሆን ይችላል።

ጠቅላላ ውክልና ሁሉን ያሠራል ብሎ ማመን

ወደ ግዳጅ የሚሄድ ሰው ለባለቤቱ ወይም ለወንድሙ ውክልና መስጠቱ ብልህነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ጠቅላላ ውክልናን የሚፈቅደው ለአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ንብረት ለመጠበቅና ለመሳሰሉት። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ ገዢ ካገኘና ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ሽያጩ ውድቅ ይሆንበታል።

ሌላው ነገር ከዚህ የከፋ ነው፤ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ባሏ የሞተባት ሴት በእጇ ባለው ውክልና ከሒሳቡ ገንዘብ ስታወጣ፣ ምንም እንኳ ለልጆቿ ቀለብ ብታውለው፣ ሥልጣን በሌለው ወረቀት እየሠራች ነው፤ ነገ የባሏ ወገኖች ቢከሷት መከላከያዋ ቀጭን ይሆናል። የወር ወጪ በውክልና ላይ ከሚንጠለጠል ይልቅ ወታደሩ ከደመወዙ በስሟ ተቆራጭ ቢያደርግላት፣ ወይም የጋራ የባንክ ሒሳብ ቢከፍቱ ይመረጣል። ተቆራጩም ከደመወዙ ጋር የሚቆም መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ጡረታንና ውርስን ማደባለቅ

ከሐዘን በኋላ ምራትና አማት የሚጣሉበት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ብዙ ሰው የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣ ሁሉ ጡረታውን የሚካፈል ይመስለዋል፤ ስለዚህም የሟች ወንድሞችና እህቶች ሳይቀሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 በሟቹ ሞት ምክንያት ለዘመዶቹ ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚሰጥ ጡረታ የውርሱ ክፍል እንዳልሆነ ይናገራል። በባንክ ያለው ተቀማጭና የሟቹ ሌላ ንብረት ውርስ ነው፤ የተተኪዎች አበል ግን የሚመራው በጡረታ ሕግ፣ ማለትም በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ይህ አዋጅ የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም ያቅፋል።

በጡረታ ሕጉ ተተኪ የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና በሟቹ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ለትዳር ጓደኛ የሚከፈለው ሟቹ ያገኝ ከነበረው ወይም ሊያገኝ ይችል ከነበረው አበል 50 በመቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ። ወላጅ ስለወለደ ብቻ አያገኝም፤ ኑሮው በልጁ ላይ የተመሠረተ እንደነበረ ማስረዳት አለበት። እንደዚሁም የአማት ማግኘት የምራትን ግማሽ አይወስድም፤ የሁሉም ተተኪዎች ድምር ከሟቹ ሙሉ አበል እስካልበለጠ ድረስ የየራሳቸው ድርሻ የየራሳቸው ነው። ይህን አንድ ሰው በለቅሶው ሰሞን ቀስ ብሎ ቢያስረዳ ስንት ቂም በቀረ ነበር። የዕድር ሽማግሌዎች ገንዘብና ድንኳን ከማቅረብ ባሻገር እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በር የትኛው እንደሆነ አለማወቅም ያደክማል። ቀበሌና ክፍለ ከተማ የነዋሪነት ማስረጃና የወሳኝ ኩነት ሰነድ ይሰጣሉ፤ ጡረታ አይወስኑም። የአገልግሎት ማስረጃውን የሚያደራጀው ወታደሩ ያገለገለበት ተቋም፣ መከላከያ ነው፤ አበሉን የሚወስነው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር። ከዚህ ውጭ «እኔ አስፈጽምልሻለሁ» እያለ ከውዝፉ ድርሻ የሚጠይቅ ደላላ አያስፈልግም።

የጉዳቱን ማስረጃ ሳይዙ መሰናበት

በጡረታ ሕግ ከሥራ የመጣ ጉዳትና ሌላ ሕመም አንድ አይደሉም። ከአሥር ዓመት በታች ያገለገለ ሰው በሌላ ምክንያት ቢሞት ወይም ቢሰናበት፣ ለእሱ ወይም ለተተኪዎቹ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ነው፤ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን የአገልግሎቱ ዘመን ማጠር የዘለቄታ አበልን አያስቀርም። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ በሕክምና ቦርድ ውሳኔ የተሰናበተ ወታደር የሕክምና ማስረጃውን ሆስፒታል ጥሎ፣ የቦርዱን ውሳኔ ቅጂ ሳይወስድ፣ «ዋናው ነፍሴ መትረፏ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይመጣል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወይም የሥራ አቅሙ ሲደክም፣ ጉዳቱ መቼና የት እንደደረሰ የሚያሳየው ወረቀት የለም። የጉዳት ሪፖርቱን፣ የሕክምናውን ማጠቃለያና የቦርዱን ውሳኔ ዋናውን ቤት አስቀምጦ ቅጂውን ማስገባት ይገባል።

ወሬው ሲጠፋ ለወሬኛ መገበር

የወታደሩ ስልክ ለወራት ዝም ሲል ቤተሰብ ማንንም ለማመን ይዘጋጃል። «ቆስሎ እኛ ጋ ነው፣ ለመድኃኒት በቴሌብር ላኩ» የሚል ጥሪ የሚመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ከክፍሉ በኦፊሴል ካልተረጋገጠ ገንዘብ አይላክ። ለክፍሉ በጽሑፍ ማመልከትና ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ቁጥር መያዝ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በግጭት የተለያዩ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው።

ዝምታው ከረዘመ ሕጉ መንገድ አለው። አንድ ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት ወሬው ካልተሰማ፣ ጥቅም ያለው ሰው ፍርድ ቤቱ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ሊያመለክት ይችላል። ብዙ እናቶች ይህን ልጃቸውን በእጃቸው እንደ መቅበር ስለሚያዩት አይፈልጉትም፤ ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም። ሚስትና ሕፃናት ልጆች ግን ያለ ውሳኔው ያገባችም ያልሆነች፣ መበለትም ያልሆነች፣ አባት ያላቸውም የሌላቸውም ሆነው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቢመክርበት መልካም ነው።

የማይታየውን ቁስል ጠባይ ማለት

ከግንባር የተመለሰ ሰው ሌሊት እየጮኸ ቢነቃ፣ በትንሹ ቢቆጣ፣ ከሰው ቢሸሽ ወይም መጠጥ ቢያበዛ፣ ይህ ጥጋብ ወይም የትዳር መሰልቸት ላይሆን ይችላል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሕዝቡ ሪፈራል በሚለው፣ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል ወይም ጸሎት የሚፈልግ ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ግን ስለ ጸበሉ አያቋርጥ። ዱላ ከተጀመረ ደግሞ ትዕግሥት መፍትሔ አይደለም፤ ሚስትና ልጆች መጀመሪያ ደኅና ቦታ ይሁኑ።

ፎቶና የክፍል ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ መለጠፍ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ያለበትን ቦታ የሚገልጽ ምስል በፌስቡክም በቲክቶክም አይውጣ።

በቃል ተነግሮ መመለስ

«አይገባሽም» የተባለች ሴት አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። የቃል መልስ ይግባኝ አይባልበትም። ውሳኔውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መጠየቅ መብት ነው፤ በጡረታ ጉዳይ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቀርባል። ይግባኙም ሆነ የውዝፍ አበል ጥያቄው የጊዜ ገደብ ስላለው፣ «ተዝካሩ ይለፍ»፣ «ልጁ ፈተና ይጨርስ» እየተባለ የሚዘገየው ቀን የሚቆጠረው በቤተሰቡ ላይ ነው። ቢያንስ ማመልከቻውን ቀድሞ ማስገባትና ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን ማስደረግ ያስፈልጋል፤ የጎደለው ሰነድ በኋላ ሊሟላ ይችላል።