ቢምቢን በዕፅዋት ዘይት ሲያባርሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠጅ ሳር፣ ባህር ዛፍና ጦስኝ ቢምቢ ያርቃሉ መባሉ ተረት አይደለም። ሽታቸው ትንኟ ሰውን አሽትታ እንዳታገኝ ያስቸግራታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው።

አንዴ ተቀብቶ ሌሊቱን ሙሉ መተማመን። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዘይቱ ቢምቢ የሚያባርረው ከቆዳ ላይ እየተነነ ነው፤ ተንኖ ሲያልቅ መከላከሉም አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በጎ ፈቃደኞች የተለያዩ ማባረሪያዎችን ተቀብተው እጃቸውን ትንኝ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገቡ። 24 በመቶ ገደማ ዲት የሚባል ሰው ሠራሽ ኬሚካል ያለው ማባረሪያ በአማካይ 5 ሰዓት ተከላከለ። ከጠጅ ሳር ዘመድ የሚወጣው የሲትሮኔላ ዘይት ያለባቸው ግን በአማካይ 20 ደቂቃ እንኳ አልሞሉም። ማባረሪያ የተነከረ የእጅ አምባር ደግሞ ጭራሽ አልሠራም። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት ትነክሳለች። ስለዚህ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የሚያድር ሰው ዘይቱን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ይቀባው፤ ደጋግሞም ይቀባው። ሲተኛ ግን አጎበር ውስጥ ይግባ።

ባህር ዛፍ ሁሉ አንድ ነው ማለት። የሎሚ ሽታ ካለው ባህር ዛፍ የሚዘጋጅ፣ ለሰዓታት የሚቆይ ማባረሪያ አለ። ጉልበቱ ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በዝግጅት ወቅት መጠኑ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከዚያው ዛፍ ቅጠል በእንፋሎት የወጣውና በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ተራ ዘይት ውስጥ ያለው ፒኤምዲ ግን ኢምንት ነው። እንጦጦ ላይ የምናውቀው ነጭ ባህር ዛፍማ ሌላ ዝርያ ነው። ሲገዙ ጽሑፉ ላይ ፒኤምዲ የሚል ይፈልጉ። ይህን ማባረሪያ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይቀቡ።

ሳያቀጥኑ መቀባት። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ኧረ ያቃጥላል! ለ2 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት 12 ጠብታ ገደማ ይበቃል። ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ መርጨትም አይሆንም፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ አንዱ ቦታ ምንም ሳይደርሰው ሌላው ላይ ንጹሑ ዘይት ያርፋል። ጤና አዳም ደግሞ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ እስኪቋጥር ሊያቆስል ይችላል።

ጠጅ ሳሩን ደጃፍ ላይ ተክሎ ቢምቢ ይሸሻል ብሎ መጠበቅም አለ። ቅጠሉ ካልታሸ ብዙ ሽታ አይለቅም፤ ለሻይ ይሁንልዎት።

ጠርሙሱን ልጆች የሚደርሱበት ማስቀመጥ። ትንሽ የባህር ዛፍ ዘይት እንኳ ልጅ ከዋጠው ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ለጉንፋን ብለው ሕፃን አፍንጫ ሥር አይቀቡ፤ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ባክቴሪያ ይገድላል ሲባል ቁስል ያድናል ብሎ መረዳት። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ መግደላቸው እውነት ነው። ያ ግን በሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያ ነው። ቁስል ውስጥ ደምና መግል አለ፣ ባክቴሪያውም ዘይቱ የማይደርስበት ጥልቀት ሊገባ ይችላል። ሚስማር ከወጋዎት በውሃና በሳሙና አጥበው ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልግዎት ይችላል።