ቢራ ቀምሳችሁ ነጥብ ለምትሰጡ

የአነስተኛ ጠማቂዎችን ቢራ እያነጻጸራችሁ ነጥብ የምትሰጡ ከሆነ፣ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አትቅመሱ። ብርድ ጠረንን ያፍናል፤ ጠቆርና ጠንከር ያለው ቢራ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው ራሱን የሚገልጠው። ብርጭቆውንም እዩ፦ የጋዝ ኳሶች ጎኑ ላይ ተጣብቀው ከቀሩ በደንብ አልታጠበምና ጠማቂውን አትውቀሱ። ኮምጣጣ እንዲሆን የተጠመቀን ቢራ «ኮመጠጠ» ብሎ መቅጣትም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አስቀድማችሁ ዓይነቱን እወቁ። ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ መራራው ሂዱ፣ በመካከል ውሃ ጠጡ። ከሁሉም በላይ ግን ከመነጋገራችሁ በፊት ነጥባችሁን ጻፉ። አንዱ «ሙዝ ሙዝ ይላል» ካለ በኋላ ሁሉም ሙዝ ይሸተዋል። (የጀርመን ዓይነት የስንዴ ቢራ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ነው፤ ከእርሾው የሚመጣ ጠረን ነው።)