መስታወት በድርሰት ውስጥ፦ ምልክቱን አንብቦ የመተንተን ዘዴ

«መስታወት የደካማነት ምልክት ነው» የሚለው መልስ ከሥነ ጽሑፍ የፈተና ወረቀት ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ስሕተት ባይባልም የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው፤ ሸክላም ይሰበራል፣ እንቁላልም ይሰበራል። ደራሲው እነዚህን ትቶ መስታወት ካመጣ ከመሰበር ሌላ የሚፈልግበት ጉዳይ አለ። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ይህ ነው፦ መስታወት ዓይንን ያሳልፋል፣ እጅን ይከለክላል። ማየትን ከመድረስ እንዲህ ለይቶ የሚያቆም ሌላ የቤት ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ትንተናው ከዚህ ቢነሳ ይሻላል።

መጀመሪያ አጣሩ። እርሳስ ይዛችሁ አንብቡና መስታወት፣ ብርጭቆ፣ ጠርሙስ፣ መነጽር፣ መስኮት በተጠቀሰበት ሁሉ አስምሩ። ቀጥሎ በየቦታው ዕቃውን በሌላ ተኩት፤ መስኮቱን በእንጨት መዝጊያ፣ ብርጭቆውን በቆርቆሮ ኩባያ። ትዕይንቱ ምንም ካልጎደለበት ዕቃው ዕቃ ብቻ ነውና እለፉት፤ ሰው ውኃ የጠጣበት ብርጭቆ ሁሉ ምስጢር አልያዘም። ትዕይንቱ ከፈረሰ ግን የምትፈልጉት እዚያ ነው። ከአንድ ልብ ወለድ ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከተረፉ ለአንድ ጽሑፍ ይበቃሉ።

ዘመኑንም አትርሱ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥12 «በመስታወት በድንግዝግዝ» የሚለውን የዛሬውን ጥርት ያለ የፊት መስታወት እያሰበ የሚያነብ ሰው ግራ ይገባዋል። በዚያ ዘመን ሰው ፊቱን የሚያየው በአብዛኛው በተወለወለ ነሐስ ነበር፤ ነሐስ ደግሞ መልክን አደብዝዞ ነው የሚመልስ። ኢዮብ 28፥17 ላይም ብርጭቆ ከወርቅ ጎን መጠራቱ አይግረማችሁ። ብርጭቆን በቱቦ እየነፉ መሥራት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሶርያና በፍልስጥኤም ጠረፍ ነው፤ ከዚያ በፊት የባለጸጎች ጌጥ ነበር። በድሮ ጽሑፍ ውስጥ መስታወት ሀብትን እንጂ ስስነትን ላያመለክት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ብርሃኑ። የመስኮት መስታወት እያንዳንዱ ገጽ ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ሁለቱ ገጾች ተደምረው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ቀንም ሌሊትም ነው። ቀን ላይ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ስለሚበዛ ከቤት ውስጥ ሆኖ የሚመለከት ሰው ነጸብራቁን አያስተውለውም። ሲመሽና ቤት ውስጥ መብራት ሲበራ ግን ከውጭ የሚመጣ ብርሃን ስለሌለ ያ ትንሽ ነጸብራቅ ገኖ ይታያል። እንግዲህ አንዲት ሴት ማታ መብራት አብርታ መስኮት ላይ ቆማ መንገዱን «ስትቃኝ» ብታነቡ፣ የምታየው የራሷን ፊት ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው ግን ከነቀሚሷ ከነኩታዋ ያያታል። እሷ ብቻዬን ነኝ ትላለች፣ ግን እየታየች ነው። ጎበዝ ደራሲ ይህን ሳያብራራ ይጠቀምበታል። ስለዚህ በየትዕይንቱ ኅዳግ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ብርሃኑ በየት በኩል ነው? ማን በየትኛው ወገን ቆሟል? እየታየ መሆኑን የሚያውቀውስ ማነው? የሥልጣን ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ጥያቄ መልስ ይወጣል።

ከብርሃን ሌላ ምን ያልፋል? ድምፅ ደክሞ ያልፋል፤ ሽታ፣ ትንፋሽና እጅ አያልፉም። ግሶቹን ቁጠሩ። ገጸ ባሕርዩ «አየ»፣ «ተመለከተ»፣ «አስተዋለ» እየተባለ አንድም ጊዜ «ሰማ» ወይም «ነካ» ካልተባለ ደራሲው በመስታወት አጥሮታል። ወንድማማቾቹ ግሪም ባሰባሰቡት የበረዶዋ ልጅ ተረት ሬሳ ሳጥኑ ከመስታወት የተሠራው ከሁሉም ወገን እንድትታይ ነው፤ ልዑሉ የሚወዳት ቃል ሳትተነፍስ ገና ነው። እዚህ ላይ «ደካማነት» ብሎ መጻፍ ዋናውን ነገር መሳት ነው። ጉዳዩ መታየት ብቻ የቀራት ሴት ናት።

ስብራቱንም በዓይነቱ ለዩ። ተራ የመስኮት መስታወት ሲሰበር ረጅምና ሹል ስባሪ ይሰጣል። በሙቀት የተጠናከረው፣ ለምሳሌ የብዙ መኪኖች የጎን መስታወት፣ ወደ ትናንሽ ጠጠር መሰል ስባሪዎች ይበተናል። በመካከሉ የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው የመኪና የፊት መስታወት ደግሞ ይሰነጠቅና ባለበት ይቆያል። ተሰንጥቆ የቆመ ጋብቻንና አንድ ሌሊት የተበተነን ቤተሰብ በአንድ ዓይነት ስብራት የሚገልጽ ጸሐፊ ዕቃውን አላየውም። ቀጥሎ ማን ሰበረው፣ ከየት ወገን፣ ስባሪውንስ ማን ጠረገው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ይዘነጋል፤ በብዙ ድርሰቶች ግን የሚሰብረው ጌታ ነው፣ የሚጠርገው አገልጋይ። ስብራት ሁልጊዜ ጥፋት አለመሆኑንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1944 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ በቺካጎ በታየው የአሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት የቴነሲ ዊሊያምስ ተውኔት፣ የመስታወቱ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ቀንዱ ሲሰበር እንደ ሌሎቹ ፈረሶች ይሆናል፤ መጥፎም ደግም ነው።

አንድ ምልክት አንድ ትርጉም ብቻ አለው የሚል መዝገበ ቃላት ካላችሁ ከዚህ በታች ያለው ያፈርሰዋል። በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው የብረትና የመስታወት አዳራሽ «ክሪስታል ፓላስ» ተባለ። በ1863 ሩሲያዊው ደራሲ ቼርኒሼቭስኪ በልብ ወለዱ ያንኑ ሕንጻ የመጪው ደስተኛ ኅብረተሰብ መኖሪያ አደረገው። በዓመቱ በ1864 ዶስቶየቭስኪ ምላስ እንኳ በስውር ሊያወጡበት የማይቻል ቤት ነው ብሎ ተሳለቀበት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌላው ሩሲያዊ ደራሲ ዛምያቲን ነዋሪዎቹ በመስታወት ቤት የሚኖሩበትን፣ መጋረጃ ለማውረድ ፈቃድ የሚጠይቁበትን መንግሥት ጻፈ። መስታወቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ከውጭ ሆኖ የሚያየው ማን እንደሆነ ነው። በትንተናችሁ «ግልጽነት» የሚል ቃል ስትጽፉ ወዲያው «ለማን?» ብላችሁ ጨምሩበት።

ያው ጥያቄ ከመጽሐፍ ውጭም ይሠራል። በ1999 ተሠርቶ ባለቀው የበርሊኑ ራይሽስታግ፣ ማለትም የጀርመን ምክር ቤት ሕንጻ፣ የመስታወት ጉልላት ሕዝቡ ከምክር ቤቱ በላይ ይመላለሳል፤ ተመራጩ ታች፣ መራጩ ላይ ነው፤ አቀማመጡ ራሱ መልእክት ነው። አሜሪካዊቷ ማሪሊን ሎደን በ1978 ሴቶችን ከሥራ እድገት ስለሚያግደው የማይታይ እንቅፋት የተናገረችው «የመስታወት ጣሪያ»ም ጥንካሬው ከዚሁ ይመነጫል፤ ሴቶቹ የላይኛውን ወንበር ያዩታል፣ ከሩቅ ምንም የሚከለክል ነገር አይታይም፣ ከልካዩ የሚታወቀው ጭንቅላት ሲመታ ነው። የብረት ጣሪያ ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታም አለ። በኅዳር 1938 ናዚዎች በአይሁድ ላይ ያደረሱት ጥቃት በተለምዶ «የክሪስታል ሌሊት» ይባላል። ብዙ የጀርመን ታሪክ ጸሐፊዎች ስሙን አይወዱትም፤ የተሰበረውን የሱቅ መስታወት እያብለጨለጨ የተገደሉትን ሰዎችና ወደ ማጎሪያ የተወሰዱትን 30,000 ያህል ወንዶች ስለሚሸፍን። ምልክት ሲያምር ሰውን ሊደብቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ የተደበቀውን በስም ጥሩ።

ከሚዘወተሩት ስሕተቶች አንዱ «መስታወት ቀስ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ ነው» በሚል ወሬ ላይ ትንተና መገንባት ነው። የድሮ መስኮቶች ግርጌያቸው የወፈረው ፈስሰው አይደለም፤ ያኔ መስታወት እየተሽከረከረ ስለሚሠራ ውፍረቱ እኩል አይወጣም፣ መስኮቱን የሚገጥመው ባለሙያም ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ጠርዝ ወደ ታች ያደርገዋል።

ለጽሑፉ አንድ አንቀጽ በአምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ዕቃው ምን እንደሆነና የት እንደቆመ፣ ከድርሰቱ የተቀነጨበ አጭር ጥቅስ፣ የሚያሳልፈውና የሚከለክለው፣ በዚህ ምክንያት በሰዎቹ መካከል የተለወጠው፣ ከቀደመው ቦታ ያለው ልዩነት። ራሳችሁ ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ መስታወቱን መጀመሪያ ሥራ ላይ አውሉት፤ ይወልወል፣ አቧራ ይያዝ፣ ልጅ በትንፋሹ አጉሞ በጣቱ ይሳልበት። «ልቧ እንደ መስታወት ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙት።