ትመቸኝ ብለው የሚያበላሿት ቪትዝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደ ጋራዥ ከሚመጡት ትንንሽ መኪኖች ቪትዝ ትበዛለች። ስሞታውም አንድ ዓይነት ነው፦ ትዘላለች፣ ታንኳኳለች፣ መሪዋ ይሸሻል። መንገዳችን እንደሚያደክማት አልክድም። ግን ስንቷን ያጠፋት መንገዱ ሳይሆን ባለቤቷ «ላሻሽላት» ብሎ የጨመረባት ነገር ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ከፍ ማድረግ ነው። ኮረኮንች ላይ ሆዷ እንዳይነካ ተብሎ በሞላው ቀለበቶች መካከል ድፍን ላስቲክ ይወተፋል። ሞላ የሚለሰልሰው ቀለበቶቹ ሁሉ ሲሠሩ ነው፤ ግማሾቹ ታስረው ይደርቃል፣ ውሎ አድሮም ላስቲኩ ከገባበት አጠገብ ይሰበራል። ከዚህ ሌላ የሞላውን ዝላይ የሚያበርደው አሞርዛተር መኪናዋ ቆማ ሳለች እንኳን ተዘርግቶ ስለሚቀር፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ያ «ኳ!» የሚል ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ባለቤቱም «አሞርዛተሩ ሞቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱንም ያው ላስቲክ ይገድለዋል።

«እኔስ ላስቲክ አላስገባሁም፣ ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ነው ብረት አስቀርጬ ያስገባሁት» የሚለውም አላመለጠም። የፊት እግሯ ወደ ታች ስለተገፋ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ተንጋዶ ይሽከረከራል። አንድ ወጣት በዚህ መልክ ያስነሳትን መኪና ይዞ ከብቸና መጣ። ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ጎማውን ስፈታው የዘንጉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀድዶ ጥቁር ቅባት የቸርኬውን ውስጥ በሙሉ ለብጦታል፤ በቅባቱ ምትክ አቧራ ገብቶ መገጣጠሚያውን በልቶታል። ጎማዎቹም በውስጥ በኩል ብቻ ተልጠዋል፤ ከፍ ካደረጋት በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ቀጥታ፣ ያየለት ሰው አልነበረም። ከፍ ያለች መኪና ኩርባ ላይ እንደምትጋደልም አይዘንጋ፤ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ የተጣመመበትን የአባይ በረሃ ቁልቁለት የሚያውቅ ይረዳኛል። ሆዷ ከነካ ከሞተሩ ሥር የብረት ከለላ አሳስሩ። ሞላው ደክሞ ከወረደ ለሞዴሏ የተሠራ አዲስ ሞላ ግዙ። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የጎማ ነፋስ። «ሃምሳ ሙላልኝ» የሚል ሰው ለምን መኪናዬ ትዘላለች ብሎ መጠየቅ የለበትም። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለእነዚህ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 PSI (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ባለው ውስጥ ነው። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ሙቀቱና የፍሬኑ ትኩሳት ተደምረው የጎማውን ግፊት ከፍ ያደርጉታል። ታች ደርሰው «ሊፈነዳ ነው» ብለው ነፋስ የሚያስተነፍሱ አሉ። ዳገቱን ወጥተው ብርዱ ሲያገኛቸው ጎማው ይለሰልሳል፣ መኪናዋም ኩርባ ላይ ትዋኛለች።

ስለ ጎማ ካነሳሁ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ሁሉ ደህና አይደለም። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2316 ካለ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ ይደነድናል፤ ዝናብ ላይ አይይዝም። ሰፊ ቸርኬና ቀጭን ጎማ ለፎቶ ያምራል፣ ለኮብልስቶን አይሆንም።

አሞርዛተር በጥንድ ይቀየራል፤ ግራውን ብቻ መቀየር ማዳላት ነው።

አሁን ለመካኒኮች፣ በተለይ ለጀማሪዎቹ። ልጆች፣ የብራቾን (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) ቡሎን መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች አታጥብቁ! ውስጡ ያለው ላስቲክ እግሯ ተንጠልጥሎ በነበረበት አቀማመጥ ይታሰራል፤ መኪናዋ ስትወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ በወራት ውስጥም ይቀደዳል። ቡሎኑን አስገቡት፣ መኪናዋን በጎማዋ አቁሟት፣ ክብደቷ ሲያርፍ አጥብቁት። ይህን የሚነግራቸው ስለሌለ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» እየተባለ ሻጩ ይሰደባል። አላይመንትም የላላ ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) እያለ አይሠራም፤ መጀመሪያ የላላው ይቀየር።

ጭነትን በተመለከተ ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ስለሆነ ለመኪናዋ የሚያዝንላት አይገኝም። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ኋላዋ ላይ ብቻ ሲጫን አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሣል፤ መሪው ይቀልላል፣ መብራቷም የተቃራኒውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። በሁለት ጆንያ ከፍላችሁ ከፊት ወንበሮች ኋላ፣ ወለሉ ላይ አስተኙት። ፖርቶ መጋላ ላይ ግን በፍጹም።

ድምፅ በተሰማ ቁጥር ደግሞ ከውዱ ዕቃ አትጀምሩ። አንድ አዛውንት ከፍኖተ ሰላም መጥተው ሁለቱም የኋላ አሞርዛተሮች እንዲቀየሩላቸው አዘዙ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ኋላዋን ልክፈተው» አልኋቸው።

«ምን ልትፈልግ ነው ልጄ? እግሯን አልኩህ እንጂ!»

ስከፍተው ክሪኩ ከማሰሪያው ወጥቶ ከትርፍ ጎማው ቸርኬ ጋር ይጋጫል። በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ አሰርሁትና «ነድተው ይሞክሯት» ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው።